የሂልማ የጠፋ ወገብ

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ዋሽቼ እንደሆነ የምሸጣቸው ትሎች መንጠቆ አይተው ይሳቁብኝ፤ የላንተርን ሐይቅ ዓሣም ስሜን ሰምቶ ይሽሽ። ሃያ ዘጠኝ በጋ ሙሉ ከሂልማ መቆሚያ አጠገብ ለዓሣ አጥማጆች ትል ስሸጥ ኖሬአለሁ። ከኔ ጠረጴዛ እስከ መርከቧ መሳፈሪያ ሰባት እርምጃ ነው። የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ፤ ያልሰማሁትን ደግሞ ሞተረኛው ኦርቪል ይነግረኛል።

ሂልማ ሽርሽር የሚወጣ ሰው በሐይቁ ላይ የምታዞር ትንሽ መርከብ ናት። ሆዷ ብረት፣ ከላይ ያለው ቤቷ እንጨት፣ ርዝመቷ ሃምሳ ሁለት ጫማ፤ አርባ ሰው ከነውሻው ትጭናለች። ቆማ ስትታይ ግን ዓይን አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ፊቷ ሰፊ ነው፣ ኋላዋ ጠባብ። የአባቱን ኮት በታናሽ ወንድሙ ሱሪ ላይ የለበሰ ሰው ትመስላለች። በዚህም የተነሳ ሁልጊዜ ወደ ግራ ታዘነብላለች።

ስለዚህ ትኬት የምትቆርጠው ሌምፒ ተሳፋሪውን ከእግር እስከ ራሱ አንድ ጊዜ ታየውና «ቀኝ» ወይም «ግራ» ትላለች። ለምን እንደሆነ አትናገርም። ቀኝ የተባሉት የክብር ቦታ የደረሳቸው እየመሰላቸው ደረታቸውን ነፍተው ይቀመጣሉ። በዓይኗ ኪሎ እየመዘነች መሆኑን የምናውቀው የሐይቁ ሰዎች ብቻ ነን። በኛ ሰፈር አንድ ሰው ሲወፍር «ወደ ቀኝ ተዛወረ» ነው የምንለው።

መሪውን የሚይዘው ባሏ ሬይኖ ነው። ያኔ ሰባ ዓመቱ ነበር። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው እጁ ማይክ ይዞ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያች መርከብ ላይ ኖሯል፤ መሬት ላይ ሲራመድ እንኳ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከመንዳቱ ይልቅ የታወቀው በወሬው ነው። የሂልማ ወገብ የት እንደጠፋ ለተሳፋሪ መንገር የሱ ድርሻ ነበር። ሰኞ የተሳፈረ ሰው፣ ወገቧን ፓይክ የሚባለው የሐይቁ ትልቅ ዓሣ እንደዋጠው ሰምቶ ይወርዳል። ያው ሰው ሐሙስ ቢመለስ፣ በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ወገቧን ቆርጦ ሰርጓጅ መርከብ እንደሠራበት ይነገረዋል። ከዱሉት ከተማ ለመጡ አንድ ቄስ ደግሞ ወገቧ ኃጢአት ስለበዛበት ለብቻው ተነጥሎ ሰጠመ ብሏቸዋል። ቄሱ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተመልሰው ተሳፈሩ።

ሁላችንም የምናውቀው እውነት አጭር ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ግድም የሐይቁ ሰዎች ከሩቅ ወንዝ ዳር አንዲት መርከብ ገዙ። ከዚያ ወንዝ እስከኛ ሐይቅ የሚያመጣ ውሃ ስለሌለ መርከቧ ሦስት ቦታ ተቆርጣ በሦስት የባቡር ፉርጎ ተጫነች። ፊቷ ደረሰ፣ ኋላዋ ደረሰ፣ ወገቧ ቀረ። ዝናብ ይዘንብ ስለነበር ተረካቢው ሳይቆጥር ፈረመ። ለምርቃቱ የተጠራው የሙዚቃ ጓድ ደግሞ መጥቶ ሆቴል ተቀምጧል። ምን ይደረግ? አንጥረኛው ፊቷን ከኋላዋ ጋር አጋጥሞ በብረት ምስማር ሰፋት። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ያ ጊዜ ይኸው መቶ ዓመት ሆነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። የከተማው ምክር ቤት፣ ሂልማ አርጅታለች፣ የበጋ እንግዳ ሲያልቅ ተቆራርጣ ለብረት አቅላጭ ትሰጥ የሚል ሐሳብ አመጣ። አንድ መውጫ ብቻ ነበራት። የጥንት ነገሮችን የሚመዘግበው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት በመዝገቡ ከጻፋት ማንም መጋዝ አይነካትም። ምክር ቤቱ የሚቀመጠው ሰኞ ነበር። መሥሪያ ቤቱም ከዚያ ቀደም ባለው ማክሰኞ ማርጎ ዳልበርግ የምትባል ሴት ላከ። ቀጭን፣ አጭር፣ በክንዷ ስር ወፍራም መዝገብ የያዘች።

ሌምፒ አየቻትና «ግራ» አለች። ከዚያ መዝገቡን አየችና አሰብ አድርጋ «ቀኝ» አለቻት።

ማርጎ መሪው ክፍል ድረስ ሄዳ ለሬይኖ ነገሩን በትሕትና አስረዳችው። የመርከብ ሠሪዎቹ የጥንት መዝገብ እጇ ላይ ነው። የሠሯት መርከብ ሁሉ ቁጥር አላት፤ ቁጥሩም በብረት ሰሌዳ ተቀርጾ ወገቧ ላይ ይመታል። ቁጥሩ ከተገኘ ሂልማ ማን እንደሆነች ይታወቃል።

«ካልተገኘስ?» አላት ሬይኖ።

«ካልተገኘ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ካፒቴን፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሁለት የብረት ቁራጮች ናት። ወገቧ የት ነው ያለው?»

ሬይኖ አፉ እንደለመደው ፓይክ ዋጠው አላት። ማርጎ ጻፈችው። ከዚያ የጻፈችውን አየችና ሰረዘችው። ከምትሞላው ቅጽ ስር እሱ ራሱ እንደሚፈርምበት፣ ሰኞ ዕለት በምክር ቤቱ ፊት ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ፣ አንዲት ውሸት ከተገኘችበትም ዶሴው እንደሚዘጋ ነገረችው። እሷም አርብ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውቶቡስ ትመለሳለች።

ሬይኖ ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አለው። ኦርቪል ግን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። ከተጣለ ምድጃ ላይ ክዳኑን ነቅሎ፣ በመሮ ቁጥር ቀርጾ፣ ጥላሸት ቀብቶ አመጣለት። ሁለቱ ሽማግሎች እንደ ሌባ ዙሪያቸውን እያዩ ረቡዕ ጠዋት ከሞተሩ ጎን በምስማር መቱት። ማርጎ ወርዳ አየችው፣ አሸተተችው፣ መዝገቧን ገለጠች።

«በዚህ ቁጥር የተሠራችው የከሰል ጀልባ ናት» አለች። «እዚህ ላይ እንደሚለው ተቃጥላ አልቃለች።»

«ለዚያ ነዋ እንዲህ የምትጨሰው» አለ ኦርቪል ከሞተሩ ኋላ።

ማርጎ ሳቀች፤ ክዳኑን ግን አልጻፈችውም። ስትወጣ ወደ ሬይኖ ዞር ብላ፣ አንድ ነገር የሚያውቁ ይመስለኛል አለችው። ሬይኖ ወደ ሐይቁ አየ።

ደግሞስ ማወቁን ያውቃል። ጭንቁ እሱ ነበር።

ከዚያ አርባ ስድስት ዓመት በፊት ሬይኖ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ፣ የሂልማ ገመድ ጣይ ነበር። የያኔው ባለቤቷ ፔንሃሎ የሚባል ሽማግሌ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጠራውና፣ ወገቧን ፈልገህ አምጣ፣ መልሰን እንቀጥላታለን አለው። የወገቧን ሥዕል በወረቀት አስያዘው። ስንት መስኮት፣ ስንት አግዳሚ፣ ሰሌዳው የቱ ጋ እንደተመታ ሁሉ ተስሎበታል። ሬይኖ ሐዲዱን ተከትሎ በእግሩ ሄደ። በየጣቢያው እየጠየቀ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮስኪ የምትባል መንደር ደረሰ።

የኮስኪ ሰዎች እንደኛው ከፊንላንድ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ቅዳሜ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሳውና በሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይታጠባል፤ ምን ፈልጎ እንደመጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የመንደሩ አዋላጅ ካይሳ ደጃፏ ላይ አገኘችው። አፉን ሊከፍት ሲል ፎጣ ሰጠችውና በጓሮ በኩል ጠቆመችው።

ሬይኖ ልብሱን አውልቆ ገባ። እንፋሎቱ ገለል ሲልለት ዙሪያውን አየ። ግድግዳው በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ፣ ከታች ብረት፣ ከላይ እንጨት ነው። አግዳሚዎቹ ጠርዛቸው ላይ ያለው ቅርጽ እንኳ ሳይቀር የሂልማ አግዳሚዎች ናቸው። ክብ ክብ የሆኑት መስኮቶች በጨርቅ ተወትፈዋል። የመርከቧ ጭስ ማውጫ በነበረበት ቀዳዳ ስር የድንጋይ ምድጃ ይንቀለቀላል። ሦስት ቀን የፈለገው ወገብ ውስጥ ራቁቱን ተቀምጧል።

ሲገርመው ጀርባውን ደገፍ አደረገ። የደገፈው ሰሌዳው ላይ ነበር።

ጩኸቱ እስከ ጣቢያው ተሰማ፤ ጣቢያ ጠባቂው ባቡር የመጣ መስሎት ባንዲራውን ይዞ ወጣ። ሬይኖ በሩን በርግዶ ወጥቶ የቀረው በረዶ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ዓይኑን ሲገልጥ ባልዲ የያዘች ልጅ ከበላዩ ቆማለች። የካይሳ ልጅ ሌምፒ ነበረች፣ ሃያ ዓመቷ።

«በረዶውን አታቅልጥብን» አለችው። «የምንጠጣው እሱን ነው።»

አንድ ሳምንት በሆዱ ተኛ። ሌምፒ ጠዋት ማታ ጀርባውን እርጎ ትቀባዋለች፤ ካይሳ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣ ወሬ ታወራለታለች። ሰሌዳውን ያኑ ዕለት ነቅላ ረግረግ ውስጥ ወርውራው ነበር፤ እንግዳ ያቃጠለ ብረት እኔ ቤት አያድርም ብላ። የሳውናውን አመጣጥም ነገረችው። አያቶቿ ኮስኪ ሲሰፍሩ ገና ጣሪያ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ባቡር መጥቶ አንድ ፉርጎ ነጥሎ ሄደ። ፉርጎው ላይ በሁለቱም ጎን አግዳሚ ያለው፣ መሃሉ ላይ የምድጃ ቦታና የጭስ ማውጫ ያለው ቤት ተጭኗል። ለኛ ሰው ይህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ደጉ የባቡር ኩባንያ ሳውና ልኮልናል አሉ። ትልልቅ ወንዶች አለቀሱ። በፊንላንድኛ ሁለት ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ ኩባንያው ውስጥ የሚያነበው ሰው ስለጠፋ አቤቱታ ነው ተብሎ ሳጥን ገባ። ወር ሳይሞላ አንዲት ሴት እዚያ ውስጥ ወለደች። ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚወለደው፤ ሙቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አለ። ልጅ የተወለደበትን ሳውና ደግሞ ማንም አይነቅልም። ካይሳ እዚያ ተወለደች። ሌምፒም እዚያው ተወለደች።

ሬይኖ ይህን ሁሉ ትራሱ ውስጥ እንደተደፋ ሰማ። ስምንተኛው ቀን ተነስቶ ወደ ፔንሃሎ ተመለሰና ወገቧ የለም አለው።

«የት ሄደ?» አለ ፔንሃሎ።

«ፓይክ ዋጠው።»

የሬይኖ የመጀመሪያ ውሸት እሷ ናት። ፔንሃሎ ሦስት ቀን አላናገረውም። በአራተኛው ቀን ያንኑ ወሬ ለተሳፋሪ ሲያወራ ተሰማ።

ሁለተኛዋ ውሸት ግን የባሰች ናት። ሬይኖ ወደ ኮስኪ ሲመለስ ሌምፒ ያን ቀን ምን ፈልገህ ነበር የመጣኸው ብላ ጠየቀችው። ሳውናችሁን ልነቅል ይበላት? ባለፈው ዓመት በሰኔው የዮሐንስ በዓል፣ በሐይቁ ዳር እሳት ሲነድ አየሁሽ፣ ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ፣ ፈልጌሽ መጣሁ አላት። ሌምፒ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ባልዲውን አስያዘችው። በመኸር ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዮሐንስ ዋዜማ ሂልማ እሳት በሚነድበት፣ ወደ ሐይቁ በገባው ልሳነ ምድር ስታልፍ ሬይኖ ማይኩን ያነሳል። «ያቺን ትኬት ቆራጭ መጀመሪያ ያየኋት እዚያ ጋ ነው፤ እሳቱ ፊቷ ላይ ይጫወት ነበር» ይላል። ሌምፒ ከአግዳሚዋ ሆና እጇን ታውለበልባለች፤ ሰዉ ያጨበጭባል። ልጆቻቸው በዚህ ወሬ አደጉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሥዕል ሳሉት። አሁን ሬይኖ እውነቱን ጽፎ ቢፈርም፣ ሚስቱ በሰው ሁሉ ፊት ምን ልትሰማ ነው? ባሏ ኮስኪ የመጣው ለሷ ሳይሆን ለብረት እንደሆነ። ባይፈርም ደግሞ ሂልማ በመኸር ተቆራርጣ ትጫናለች፣ ይህን ጊዜ ግን የትም ላትደርስ። ከሁለቱ የትኛዋን ያጣል?

የዚያ ዓመት የዮሐንስ ዋዜማ አርብ ላይ ዋለ። የማርጎ አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሂልማ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች። ማርጎ መዝገቧን አቅፋ ለመጨረሻ ጊዜ ተሳፈረች። ሌምፒ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ በቀኝ በኩል የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ እሷ ሁልጊዜ ቀኝ ናት። ከልሳነ ምድሩ ላይ እንጨቱ እንደ ቤት ተቆልሏል፣ ገና አልተለኮሰም። ሬይኖ ማይኩን አነሳ። ሌምፒ እጇን ለማውለብለብ አዘጋጀች።

ማይኩ ሲተነፍስ ብቻ ተሰማ። ተሳፋሪው ቀና ብሎ አየው።

«ያቺን ሴት» አለ ሬይኖ፣ «እዚያ አይቻት አላውቅም።»

ከዚያ ቀጠለ። ፊት ለፊት አይቶ መናገር ስላልቻለ ሐይቁን እያየ፣ በማይኩ፣ ለአርባ ሰውና ለሁለት ውሻ ሁሉንም ዘረገፈው። ፔንሃሎንና ሥዕሉን፣ ሳውናውን፣ ሰሌዳውን፣ ረግረጉን ሁሉ ተናገረ። ለአንድ ብረት ብዬ ሄጄ ሚስት ይዤ መጣሁ፣ ከዚያ ደግሞ ለሷ ብዬ እንደሄድኩ ዋሸሁ አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እንደዚያ ቀን ተስቆ አያውቅም። አንድ ሰውዬ ዓይኑን እየጠረገ፣ ከፓይኩም ይህችኛዋ ትበልጣለች ሲል ተሰማ። ሬይኖ ያልሳቀ ሰው ፍለጋ ዞር አለ። ያልሳቁት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዷ ተነስታለች።

ሌምፒ ከቀኝ ስትነሳ መርከቧ ወደ ግራ ዘንበል አለች። ቀስ ብላ መሪው ክፍል ድረስ መጣችና ማይኩን ከእጁ ወስዳ አጠፋችው። ከዚህ በኋላ የተባለውን የሰማው ኦርቪል ነው፤ ከመሪው ክፍል ወደ ሞተሩ የሚወርድ የመነጋገሪያ ቱቦ አለ፣ ኦርቪልም ጆሮውን ከዚያ ቱቦ ነቅሎ አያውቅም።

«ያን ዓመት የዮሐንስ ዕለት የት እንደነበርኩ ታውቃለህ?» አለችው።

«እሳቱ ዳር አልነበርሽም?»

«አልጋ ላይ ነበርኩ። ጆሮ ደግፍ ይዞኝ። ፊቴ ዱባ አክሎ እናቴ መስታወት ደብቃብኛለች።»

ሬይኖ መሪውን አጥብቆ ያዘ። «አርባ ስድስት ዓመት ስዋሽ ዝም ብለሽ ታውለበልቢያለሽ?»

«ስታወራው ደስ ይልሃል። ደስ ሲልህ ደግሞ መርከቧን ቀጥ አድርገህ ትነዳለህ።» ከዚያ ቀጠለች። «በሆድህ ተኝተህ ስታንኮራፋ ኮትህን ልሰቅል ሳነሳ ሥዕሉ ወደቀ። የኛ ሳውና ነው፤ መስኮቱን ስቆጥር ያደግኩበት። ስትሄድ፣ ሰዎች ይዞ ይመጣል አልኩ። ወር ሙሉ ሐዲድ ሐዲዱን ሳይ ከረምኩ። ማንም አልመጣም። አንተ ብቻ መጣህ፣ ባዶ እጅህን፣ ያችን የማትረባ ውሸት ይዘህ። ያኔ ነው የቆረጥኩት። በእሳቱ ምክንያት ያገባሁህ መስሎህ ነው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»

ኦርቪል እንደሚለው ከዚያ በኋላ በቱቦው የመጣ ነገር የለም፤ ሂልማ ግን ለትንሽ ጊዜ ማንም ሳይነዳት ሄደች። ቀጥ ብላ ነው የሄደችው ይላል። ይህን እንኳ እኔም አላመንኩትም ነበር፤ ግን ከዳር ሆኜ አይቻለሁ።

ማርጎ መጥታ በሩን በጣቷ አንኳኳች። እንዳመነችው ነገረችው። ግን ሰሌዳው ረግረግ ውስጥ ከሆነ ቁጥር የለም፣ ቁጥር ከሌለ ደግሞ ወሬው እውነትም ቢሆን ወሬ ነው።

«ቁጥሩስ አለ» አለች ሌምፒ። «ሬይኖ፣ ሸሚዝህን አውልቅ።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«ኮስኪ ስትመጣ ምን ለብሰህ ነበር?»

አወለቀ። ከሁለቱ ትከሻ አጥንቶቹ መሃል፣ ነጭ ሆኖ፣ አርባ ስድስት ዓመት ያልደበዘዘ ጽሑፍ ተኝቷል። ሬይኖ በጀርባው ስላለ አይቶት አያውቅም፤ ዝም ብሎ ጠባሳ ይመስለው ነበር። ማርጎ ልታነብ ሞከረች። እንደ ማህተም የታተመ ስለሆነ የግራው ወደ ቀኝ ዞሯል። ከቦርሳዋ የእጅ መስታወት አውጥታ ከጀርባው ያዘችለትና መስታወቱ ውስጥ አየች። ሁለት መቶ አሥራ አራት።

መዝገቡን ገለጠች። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ የመንገደኛ መርከብ፣ ርዝመቷ ሰባ ሁለት ጫማ።

«ሃያ ጫማ ይጎድላል» አለች።

ከታች በቱቦው የኦርቪል ድምፅ መጣ። «ይህን ሁሉ ዓመት ባለታርጋ ካፒቴን ይዘን ነው የምንሄደው?»

አውቶቡሱ ማርጎን ትቶ ሄደ። በማግስቱ ቅዳሜ ኮስኪ ወሰዷት። መለኪያ ሜትሯን ከኪሷ ልታወጣ ስትል ሌምፒ ፎጣ ሰጠቻት፤ ከታጠበች በኋላ ለካች። ሃያ ጫማ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይጎድል። እርጥብ ፀጉሯን እንደጠቀለለች እዚያው አግዳሚ ላይ ቅጹን ሞላች፤ ሬይኖ ፈረመ። ሰኞ ዕለት ምክር ቤቱ ፊት ሲነበብ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አቁሞ ውሃ ጠጣ። ሂልማ በአንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ተመዘገበች፤ አንዷ ላንተርን ሐይቅ ላይ፣ አንዷ ኮስኪ ጓሮ ውስጥ። ማንኛቸውም እንዳይነኩ ተባለ። መልሶ ለማገናኘት ሐሳብ ያቀረበ አንድ ሰው ነበር፤ የኮስኪ ሴቶች አዩት፣ ሐሳቡን ተወ።

አሁን ሬይኖ በማይክ የሚናገረው እውነቱን ብቻ ነው። ተሳፋሪው በሳቅ ይንፈራፈራል፤ እንደዚህ ያለ ውሸታም አይተን አናውቅም እያሉ ይወርዳሉ። የዱሉቱ ቄስ ባለፈው በጋ መጥተው ሰሙትና፣ የፓይኩ ይሻል ነበር፣ እሱ ቢያንስ ሊታመን ይችላል አሉት። በዮሐንስ ዋዜማ ልሳነ ምድሩን ሲያልፉ ግን ሬይኖ ማይኩን ያነሳና «እዚያ ጋ አላየኋትም» ይላል። ሌምፒ ከቀኝ በኩል ሆና እጇን ታውለበልባለች።

መጀመሪያ ላይ ምያለሁና አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ትሎቼ እንዳይስቁብኝ። ሳውናው እውነት ነው። የምስጋናው ደብዳቤ እውነት ነው። የሬይኖ ጀርባም እውነት ነው፤ ቅዳሜ ኮስኪ የመጣ ሰው ሄዶ ማየት ይችላል። መስታወቱን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ማርጎ ቦርሳ ውስጥ ከእርሳስና ከግማሽ ዳቦ በቀር ምንም አልነበረም። ሸሚዙም የወለቀው በኋላ ነው፣ ማርጎ እንድታረጋግጥ። ቁጥሩ የት አለ ስትል፣ ሌምፒ ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጋ፣ ባሏን ዞር ብላ ሳታይ፣ «ሁለት መቶ አሥራ አራት» አለች። አርባ ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ስታጥበው በጣቷ ያነበበችው ነው። ይህን ልጽፍ ስል ሰማችና ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ፣ መስታወት አስገባበት አለችኝ፤ ሰው ምን ይለኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ።

አስገባሁበት።